ወንዙን ለመሻገር የተጠየቀ ፈቃድ

ልጅ ሳለሁ ቡራዩ የሰማሁትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ጊዜያችሁን የሚያባክን አይደለም። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና ታናሽ ወንድሜ ናኦል ወደ ጎረቤታችን ወደ ኦቦ ቶሎሳ ቤት እንሮጥ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ፣ ፍሙን ከበን የጅብና የጦጣ ተረት እንሰማለን። ኦቦ ቶሎሳ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሰው አገር ሄደው ሰላም አስከባሪ ነበሩ።

አንድ ምሽት ናኦል «ዛሬ ጅቡ ይቅርና የዘመቱበትን ይንገሩን» አላቸው።

እሳቸውም ጀመሩ። ሁለት ተዋጊ ወገኖች ታርቀው፣ የእነ ኦቦ ቶሎሳ ጦር መሐላቸው ሰፈረ። እርቁ እስከጸና ድረስ ገበያው ይደምቅ፣ ሴቶችም በድልድዩ ያለ ሥጋት ይመላለሱ ነበር። ኋላ አንደኛው ወገን እርቁን አፍርሶ የወንዙን ማዶ ማጥቃት ጀመረ። አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ጦር ሰፈሩ በር መጣች፤ መራመድ የማይችሉት እናቷ ከወንዙ ማዶ ቀርተዋል። እሷንም ልጆቿንም አስገቧቸው። አዛዡ ተሻግሮ እናቷን ለማምጣት በሬዲዮ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን «ጠብቁ» ተባለ፤ ኃያላኑ አገሮች ሩቅ አዳራሽ ውስጥ ገና አልተስማሙም።

«ለምን ዝም ብላችሁ አልሄዳችሁም?» አለ ናኦል።

«አንተ ልጅ፣ ስማችን እኮ አስከባሪ ነው። የሚከበር ሰላም ከሌለ ምኑን እናስከብራለን?»

«እንደ ዕድር ነዋ፤ ከሞቱ በኋላ መምጣት» አለ ናኦል።

ሳቅ አሉ። «ዕድሩ ይሻላል። ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል።»

ፈቃዱ የመጣው ማዶው ተቃጥሎ ካበቃ በኋላ ነው። እኛ ተረት ለምደን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ደርሶ ያድናል ብለን እንጠብቅ ነበር።

«እናትየዋስ?» አልኩ።

ፍሙን ቆሰቆሱ። «አልደረስንላቸውም። ሴትየዋና ልጆቿ ግን አጥራችን ውስጥ ነበሩ፤ ተርፈዋል። ስታወሩ ሁለቱንም አውሩ፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ።»

ካደግሁ በኋላ ስለ ሰላም ማስከበር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዓለም አገሮች ለሰላም ብለው ያቆሙት ማኅበር የራሱ ጦር የለውም፤ አባላቱ ያዋጡለትን ወታደር ነው የሚልከው፤ ከኃያላኑ አንዱ እምቢ ካለ ደግሞ እጁ ይታሰራል። ይህን ለሰው ማስረዳት እወዳለሁ። ሁልጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ማዶው ሲነድ አጥሩን ይዛ ለቆመችው ሴት ይህን ማን ሊያስረዳት ይችል ነበር?

በየሰፈራችሁ ከሰላም ማስከበር የተመለሰ ሰው አይጠፋም። ሂዱና ጠይቁት። መሐል ላይ ዝም ሲል ግን ተነሥታችሁ እንዳትሄዱ።