ያልመረጥኳቸው ጎማዎች

ደብረ ብርሃን ላስተምር ሄጄ ጥቂት ዓመት እንደቆየሁ አንዲት የጣሊያን ስሪት መኪና ገዛሁ። የሸጠልኝ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ነው። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ መሪዋን ነካ ሲያደርጓት እሺ የምትል መኪና ነበረች። ለአስተማሪ አትሆንም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጥቼ በዚያ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ አስፋልቱን ስይዘው የሳምንቱ የጠመኔ ብናኝ ሁሉ ከሳንባዬ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ በጋ ላይ ጎማዎቿ አልቀው ሊሾ ሆኑ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ያኔ ነው።

ሚስቴን የመረጡልኝ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጎማውን ግን ራሴ ልመርጥ ቆርጬ ተነሳሁ። ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ጥርሱ ወፍራም፣ ላስቲኩ ደረቅ፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራ ነው። ድንጋይ አይበግረውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል። ሌላው ላስቲኩ ለስለስ ያለ፣ ጥርሱ እንደ ሹሩባ ደቀቅ ብሎ የተገመደ፣ ውሃውን በመሀሉ እያሳለፈ መንገዱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ፍጥነት ለሚወድ ሰው የታሰበ ነው። ጠጠር ግን ቶሎ ይበላዋል። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የሰጠኝን ሥዕል እያገላበጥኩ ሰነበትኩ። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ፣ ጉሙን፣ ክረምቱን አሰብኩና ለስላሳውን መረጥኩ።

ባለቤቴ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። ለእሷ መንገድ ማለት ወደ እናት አባቷ የሚወስደው ጠጠር ነው። "ወፍራሙ አይሻልም?" አለችኝ አንድ ቀን። ስለ ላስቲክ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ፍሬን በረጅሙ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እኔም ያሳመንኳት መሰለኝ።

ከተማው ውስጥ የእኔኑ የምትመስል መኪና የነበረው አበልጄ ብቻ ነው። የልጃችን የክርስትና አባት፣ ከተማው ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ለዕቃ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ነበር። ጎማውን እንዲያመጣልኝ ለእሱ አደራ አልኩት። ሲመለስ ያመጣልኝ ወፍራሙን ነው።

"ያልከው አልቋል፣ አበልጄ" አለኝ። "ይሄ አዲስ የወጣ ነው። ሻጩ ላስቲኩ ያው ለስላሳው ነው፣ ጥርሱን ብቻ ነው ያወፈሩት ብሎኛል።"

ሌላ ሰው ቢሆን ላስቲኩን በጥፍሬ እሞክረው፣ የተጻፈበትን አነበው፣ እጨቃጨቅ ነበር። አበልጅ ግን አይመረመርም። እኛ ዘንድ ልጅህን ክርስትና ያነሳልህ ሰው ያመጣውን ዕቃ እፊቱ ማገላበጥ ሌባ ነህ ከማለት አይለይም። አመስግኜ ተቀበልኩና ጎሚስታው ዘንድ ወስጄ አሳሰርኩ።

ከዚያማ ራሴን በራሴ አሞኘሁ። በደረቅ መንገድ ነድቼ በመጣሁ ቁጥር እራት ላይ ጎማውን ለባለቤቴ አወድስላት ጀመር። "እንዴት ቆንጥጦ እንደሚይዝ አየሽ?" እላታለሁ። "አዎ" ትለኛለች፣ እንጀራ እየጨመረችልኝ።

በክረምት ደብረ ሲና ለቅሶ ልንደርስ ተነሳን። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። ፍጥነቴን አልቀነስኩም። ለምን ብዬ? ለዚህ ዝናብ፣ ለዚህ ቁልቁለት ብዬ የመረጥኩት ላስቲክ ከሥሬ አለ። ኩርባው ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ አልሰማችኝም። በጎኗ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረች።

"ጎማው እሱ አይደለም!" ብላ ጮኸች ባለቤቴ። "ቀስ በል! ጎማው እሱ አይደለም!"

ጠርዙ ላይ የተደረደረው ድንጋይ ያዘን። ልጁ ያለቅሳል። እኔ መሪውን እንደጨበጥኩ የጮኸችውን በልቤ እደግመዋለሁ።

ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው እዚያው ነገረችኝ። አበልጃችን ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ሱቁ ሄዳ ለምናዋለች። "በክርስትና ልጅህ ይዤሃለሁ፣ ያንን የሚያስሮጠውን እንዳታመጣለት፣ ይገድልብኛል" ብላዋለች። በክርስትና ልጁ የተያዘ ሰው እምቢ አይልም። ጎማው ካላስሮጠው ቀስ ይላል ብላ ነው ያሰበችው።

"ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። አስተማርከኝ እንጂ መች ሰማኸኝ?"

እውነቷን ነበር፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ። መፍራቷን ይቅር እላት ነበር። ያንገበገበኝ እራት ላይ "አዎ" ያለችኝ ነው። በማላውቀው ጎማ ስከንፍ፣ እያወቀች፣ ልጄን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች።

ለቅሶውን ደርሰን ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በአበልጄ ሱቅ ስናልፍ የእሱ መኪና ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ጭቃው ላይ የጎማዋ ፈለግ ታትሟል። ደቀቅ ያለ፣ እንደ ሹሩባ የተገመደ። ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! አቁሜ ወረድኩ።

አበልጄ ሲያየኝ ገባው። "በልጁ ያዘችኝ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

"እሱስ እሺ። የራስህ መኪና ላይ እሰረው ብላም ይዛሃለች?"

መሬት መሬት አየ። "ስታወራልኝ እኮ አስጎመጀኸኝ፣ አበልጄ" አለኝ። "እሷም አታምጣለት አለችኝ፤ ለራሴ ገዛሁ። ና፣ አሁኑኑ ፈትቼ ልስጥህ።" ክሪክ ሊያመጣ ሲዞር ተወው አልኩት። ፈትቶ የሚሰጠኝ ጎማውን ብቻ ነው። የሸጠኝ ሰው የልጄ ክርስትና አባት ነው፤ ይህ ዝምድና ደግሞ እንደ ቡሎን አይፈታም። ልጁ እስኪያድግ በየዓመት በዓሉ ቤቴ ከላይ እየተቀመጠ ጠላዬን ጠጥቷል። ቀጂው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ክረምት በኋላ በጋ ሲገባ ባለቤቴን ወላጆቿን ላስጠይቃት ወደ አንኮበር ይዣት ወጣሁ። ፀሐይ ነው፣ ጠጠሩ ደረቅ ነው፣ ወፍራሙ ጎማም ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ነው። እኔ ግን አዘግማለሁ። ወደ ጎረቤላ ገበያ የሚሄዱት ሰዎች በእግራቸው ሊቀድሙን ምንም አልቀራቸውም።

"ምነው?" አለችኝ በመጨረሻ። "መንገዱ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታዘግመው?"

"ከሥሬ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?" አልኳት።

ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።