ይዞ ያስመታ ድራመር

ተካን የማያውቅ ሰው ፊቱን ሲያይ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ቅንድቡ ለሁለት ተሰንጥቆ ገጥሟል፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ጋደል ብሏል፣ የአንድ ጆሮው ጫፍ የለም። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ደንዳና ነው። የለየለት ተደባዳቢ ይመስላል። ግን ሃምሳዎቹን አጋምሶም ሰው መትቶ አያውቅም። ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የሌላ ሰው ጠብ ነው።

«ቅንድቤ የካዛንቺስ ነው» ይላል ጨዋታ ሲይዝ። «ሁለት ሰዎች በአስተናጋጅ ተጣሉ፣ ጠርሙሱ ለኔ ደረሰኝ። አፍንጫዬ የኤርፖርት ታክሲ ተራ ነው። ጆሮዬን ደግሞ አንዲት ሴትዮ ናት የበላችው፤ ባሏን ስትደበድበው ላስለቅቅ ገብቼ።»

«ባልየውስ?» አልኩት።

«እሱማ አመለጠ። ደህና ነው።»

ተካ ገላጋይ ነው። እሱ ባደገበት ሰፈር ሁለት ሰው ተያይዞ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ሰው አይባልም። ዘለህ ትገባለህ፣ አንዱን ከኋላው አቅፈህ ጭምቅ አድርገህ ትይዛለህ፣ «በቃ፣ በእናትህ፣ በቃ» ትላለህ። የምትይዘው ደግሞ ዝም ብለህ ያገኘኸውን አይደለም፤ የምትቀርበውን፣ ያንተን ቃል ይሰማል የምትለውን ነው። ሚኒሶታ ከመጣም በኋላ ይህ አመል አልለቀቀውም። ፈረንጁ ጠብ ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ፖሊስ ይጠራል፤ ተካ የያዘውን ዕቃ ጥሎ ይሮጣል። አንድ ጊዜ ፖሊሶች ደርሰው ተደባዳቢዎቹን ትተው እሱን አስፋልት ላይ በደረቱ አስተኝተው በካቴና አስረውታል። ሲደርሱ ሰው ቆልፎ የያዘው እሱ ብቻ ነበራ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ግን ነገሩ ከጠባሳ አለፈ። እዚያው ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ሁለት ባልደረቦቹ በእረፍት ሰዓት ተያያዙ፣ ተካ ገባ፣ የአንደኛው ክርን ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። በዓይኑ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ከቦታዋ ተላቀቀች። ቀኝ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው ጥላ እንጂ ፊት አይለይም፤ የሚያየው በግራው ነው። ኦፕሬሽን አድርገው መለሱለት። ሐኪሙ ሲያሰናብተው ባለቤቱን ሂሩትን ጭምር ጠርቶ ነው የነገራቸው። እዚያው ቦታ ላይ አንድ ምት ከደገመው መልሶ የሚያስተካክለው ሰው የለም።

ሂሩት ጴንጤ ናት። ቤት እንደገቡ በሩን ዘግታ ፊቱ ቆመች።

«መማል ኃጢአት ስለሆነ አትማል። ዝም ብለህ ንገረኝ፤ ከእንግዲህ ትገላግላለህ?»

«አልገላግልም።»

«ወንድምህ ቢሆንስ?»

«አልገላግልም።»

«ፓስተራችን ቢሆንስ?»

ተካ ትንሽ አሰበ። «ከማን ጋር?»

«ተካ።»

«አልገላግልም አልኩ እኮ።»

ከዚያ በዓመቱ አሳምነው መጣ።

አሳምነው ማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ አለብን። አብዮቱ ሊፈነዳ ትንሽ ሲቀረው አዲስ አበባ ውስጥ ፀዳል የሚባል ባንድ ነበር። ፈረንጆቹ ግላም ሮክ የሚሉትን ሙዚቃ በአማርኛ የሚጫወት። አንድ የመርካቶ ልብስ ሰፊ ለሙሽራ ቀሚስ ከሚያስመጣው ብልጭልጭ ጨርቅ ሱሪና ጃኬት ሰፍቶላቸው፣ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ አድርገው፣ ወንዶች ሆነው ኩል ተኩለው መድረክ ይወጣሉ። ግማሹ ሰው ሊያያቸው ይመጣል፣ ግማሹ ሊደበድባቸው። አሳምነው ዘፋኙ ነው፤ መልከ መልካም፣ አፈኛ። ኃይለማርያም ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ዝምተኛ፣ ቂም የሚይዝ። ተካ ድራሙ ላይ ነው። ቤዝ የሚጫወተውን ልጅ በኋላ ቀይ ሽብር በላው።

አሳምነውና ኃይለማርያም ሳይመታቱ የሚያልፍ ልምምድ አልነበረም። ኃይለማርያም ጊታሩን ለብቻው በሚጫወትበት ቦታ አሳምነው ዝም ማለት አይችልም፤ ወይ ያጨበጭባል፣ ወይ ይዘፍንበታል። ያኔ ጊታር ይወረወራል፣ ቡጢ ይከተላል፣ ተካ ከድራሙ ጀርባ ዘሎ ይወጣል።

የመጨረሻው ጠብ በኛ አቆጣጠር በስልሳ ስምንት ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ጭፈራው እሁድ ከሰዓት ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ኃይለማርያም ጊታሩን ጀመረ፣ አሳምነው ገባበት፣ ኃይለማርያም በጫማው ተረከዝ ቁርጭምጭሚቱን ረገጠው። ተካ ደርሶ ኃይለማርያምን ከኋላው አቀፈው፤ ሁለት ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ ያዘው። «በቃ፣ በእናትህ» አለው። በዚህ መሃል አሳምነው የብረት ማይክሮፎኑን ጨብጦ የተያዘውን ሰው አፍ ሁለቴ መታው። የኃይለማርያም የፊት ጥርሶች መድረኩ ላይ ተበተኑ። ሰው መጮህ ሲጀምር አብዮት ጥበቃዎች በሩን ሰብረው ገቡ፣ አራቱንም በሰደፍ እየደበደቡ አወጧቸው፣ ያንን ብልጭልጭ ልብስ ላያቸው ላይ በምላጭ ሸረከቱት። ፀዳል በዚያው ቀረ።

ኃይለማርያም በሱዳን አድርጎ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ገባ፤ ተካ ዘግይቶ ተከተለ። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ኃይለማርያም አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈዋል። ተካ፣ «በጥርሱ ምክንያት ሰው ፊት ማውራት ያፍራል» ብሎ ያዝንለት ነበር።

አሳምነው በልጁ በኩል እዚያው አጠገባቸው ቡርንስቪል እንደገባ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው ስልክ የደወለው።

«ተኬ፣ ፀዳልን እናስነሳዋለን። አልበም እናወጣለን።»

«ስንት ዓመታችን ነው አሳምነው?»

«ድምፄ ያው ነው። ፀጉሬን ብቻ ቀለም እቀባለሁ።»

ለኃይለማርያም የደወለለት ተካ ነው።  ኃይለማርያም፣ «አንተ ካለህ እመጣለሁ» አለው። ተካ በዚያች ቃል ደስ ብሎት ዋለ። ሂሩት ግን ምግቧን አልበላችም።

«እነዚያ ሁለቱ ናቸው አይደል?»

«ሸምግለዋል እኮ።»

«አንተም ሸምግለሃል። ግን አሁንም ሰው ሲጮህ ከወንበርህ ትነሳለህ።»

«አልነሳም። ድራመር ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው።»

ስቱዲዮው ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት ነው። ባለቤቷ ሱንዱስ ናት፤ ወላጆቿ ከደሴ የመጡ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ ማንኪያ የምታማስል ልጅ። የፀዳልን አሮጌ ሸክላ አባቷ ቤት እየሰማች ነው ያደገችው።

«ሁሉንም በተናጠል ሪኮርድ ካደረግን ይሞታል» አለቻቸው። «አንድ ሩም ውስጥ፣ ቱጌዘር፣ እንደ ድሮው።»

እንደ ድሮው ሆነ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አሳምነው ኃይለማርያምን «የፓርኪንግ ዘበኛ» ብሎ ሰደበው፤ ኃይለማርያም ሆዱን በጉልበቱ አለው፤ አሳምነው ወንበር አንስቶ ጀርባው ላይ ሰበረበት። ሁለት ሽማግሌዎች ሽቦ መሃል ወድቀው መነካከስ ጀመሩ። ተካ የተቀመጠበትን ወንበር በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ላብ በላብ ሆነ።

«ጋሼ ተካ፣ ምን ይቀመጣሉ? ዱ ሰምቲንግ» አለች ሱንዱስ።

«ቃል አለብኝ» አላት።

እሷ ምን ታድርግ፣ መብራቱን አጠፋችው። ጨለማው ውስጥ ማን ማንን እንደሚመታ ሲጠፋባቸው ተዉት።

«ፋዘሬን ብነግረው አያምነኝም» እያለች አበራችው። የኃይለማርያም ከንፈር ተተርትሮ ደም ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። አሳምነው የጣቱን ንክሻ እየጠባ፣ «ከየት ልጀምር?» ብሎ ማይኩ ፊት ቆመ። የሚገርመው፣ የዚያን ቀን የቀዱት ዘፈን ከአልበሙ ሁሉ የተወደደው ነው።

እንዲህ እየተቧቀሱ መጨረሻው ዘፈን ላይ ደረሱ። ያ በስልሳ ስምንት መሃሉ ላይ የቀረው ነው፤ ሳያልቅ የተበተኑበት። ተካ ጠዋት ሲወጣ ሂሩት በሩ ላይ አቁማ ግራ ዓይኑን ሳመችው።

ኃይለማርያም ጊታሩን ጀመረ። ጣቶቹ አርጅተዋል ግን ያንን ቦታ አልረሱትም። ሱንዱስ ከመስታወቱ ጀርባ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እዚያው ቦታ ላይ፣ ልክ እንደዚያ እሁድ፣ አሳምነው አፉን ከፍቶ ገባበት።

ኃይለማርያም አቆመ። «ይህ የኔ ነው» አለ። ሲናደድ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ያፏጫል።

አሳምነው በፉጨት አስመሰለበት። «ከጊታሩማ ጥርስህ ይሻላል። እሷን ሶሎ ላድርግልህ?»

ኃይለማርያም ጊታሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው። ከዚያ የማይኩን የብረት ማቆሚያ ነቅሎ አነሳ። ተካ ከወንበሩ ብድግ አለ። እንዴት እንደተነሳ አያውቅም፤ ኋላ ለሂሩት፣ «እግሬ ነው የተነሳው» ብሏታል።

ኃይለማርያም ብረቱን እንደያዘ ወደ እሱ ዞረ።

«ና ያዘኝ። እንደለመድከው።»

«ኃይሌ፣ አስቀምጠው።»

«ጥርሴን ማን ያወለቀው ይመስልሃል? እሱ? እሱ ባለጌ ነው፣ ባለጌ ይማታል። እጄን የያዝከው አንተ ነህ። ሁልጊዜ እኔን ነው የምትይዘው። ሠላሳ ዓመት በህልሜ የሚመጣው የሱ ቡጢ እንዳይመስልህ፣ ያንተ ክንድ ነው።»

«ስለምትሰማኝ እኮ ነው የያዝኩህ። ስለምወድህ።»

«እሱን ውደደዋ፣ እኔ እንድመታው።»

አሳምነው የሰው ንግግር እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከጎን ገብቶ የኃይለማርያምን ጆሮ ግንድ በቡጢ ነረተው። ኃይለማርያም ተንገዳግዶ በብረቱ ጉልበቱን መታው፤ የአጥንት ድምፅ ተሰማ። አሳምነው እየጮኸ ወድቆ እንደገና ተነሳ፣ አንገት ለአንገት ተያያዙ፣ ከድራሙ ጋር ተላተሙ፣ የድራሙ የብረት ሳህን ወድቆ የኃይለማርያምን ግንባር ሰነጠቀው። ሱንዱስ መብራቱን አጥፍታ አበራች፣ አጥፍታ አበራች፤ ማንም አልሰማትም። አሳምነው የኃይለማርያምን ጉሮሮ ይዞ ጨመቀ። የኃይለማርያም ፊት ጠቆረ።

ተካ ዘለለ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አሳምነውን ያዘ። ከኋላው አቀፈው፣ ሁለት ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣበቀው፣ ከኃይለማርያም ላይ አላቀቀው።

ኃይለማርያም ጉሮሮውን ይዞ አሳለ፣ ደሙን ከዓይኑ ጠረገ፣ አያቸው። አሳምነው ተይዟል። ኃይለማርያም በአንድ እጁ እንደያዘው የቀረውን ብረት ጣለውና ባዶ እጁን ጨብጦ አፉ ላይ መታው። ተካ አለቀቀም። ደገመው። ጥርስ ሲሰበር ለተካ በአሳምነው ጀርባ በኩል ደረቱ ላይ ተሰማው። አሁንም አለቀቀም።

ኃይለማርያም እጁን አወረደ። «በቃኝ» አለ።

አሳምነው ግን አልበቃውም። እጁ ቢያዝ ጭንቅላቱ አልተያዘም፤ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ ወረወረው። የራስ ቅሉ የተካ ግራ ዓይን ላይ አረፈ።

ተካ ክንዱን ፈታ፣ ቁጭ አለ። «መብራቱን አብሪው» አለ።

«በርቷል እኮ ጋሼ» አለች ሱንዱስ።

ሆስፒታል ያደረሰው ኃይለማርያም ነው፤ ግንባሩ እየደማ ነዳ። አሳምነው የኋላ ወንበር ላይ አፉን በፎጣ ይዞ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ ያለቅሳል። ሐኪሙ ያለው አልተሳሳተም። የተካ ግራ ዓይን ሳይመለስ ቀረ። አሁን ያለችው ያቺ ጥላ የምትለየው ቀኟ ናት። ፎርክሊፍቱ ቀረ፣ መንጃ ፈቃዱም ቀረ። ሂሩት አልጮኸችበትም። ሊጠይቁት የመጡትን ሁለቱን ሰዎች ግን ቤቷ በር ላይ ቆማ፣ «አንዳችሁ እንኳ ቀድማችሁ የዛሬውን ያህል ብትወዱት ኖሮ ዓይነ ስውር ባል አይኖረኝም ነበር» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ኋላ ኃይለማርያም በየጠዋቱ እየመጣ ወደ ክሊኒክ ሲወስደው፣ መክፈት ጀመረች።

ያን ዘፈን አሟልተው የቀዱት ተካ ካገገመ በኋላ ነው። ድራም ለመምታት ዓይን አያስፈልግም። አሳምነው በጊታሩ ቦታ ላይ ዝም አለ፤ ጥርሱን እስኪያስተክል ድረስ እሱም ያፏጭ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ።

አልበሙ ወጥቶ ሴንት ፖል አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲመረቅ ከመድረኩ ጀርባ ነበርኩ። አዲስ ብልጭልጭ ጃኬት አሰፍተዋል። ኃይለማርያም ተንበርክኮ ተካን ኩል ይኩለው ነበር፤ ቀኙን ጨርሶ፣ የማታየዋንም ግራ ዓይኑን በጥንቃቄ ኳላት። አሳምነው በከዘራው ተደግፎ ከላያቸው ቆሟል።

«አወፈርከው። ድመት አስመሰልከው» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«የባንዱ መሪ እኔ ነኝ።»

ኃይለማርያም ተነስቶ ኮሌታውን ያዘው። አሳምነው ከዘራውን አነሳ። አጠገቤ የነበረችው ሱንዱስ ክንዴን ጨመቀችኝ። ተካ ፊቱን ወደ ድምፃቸው አዞረ። ትከሻው ሲነሳ አየሁት። ከዚያ ወረደ። እጁን ዘርግቶ የበሩን መቃን ዳሰሰ፣ ሁለቱን እዚያው ትቶ በመጋረጃው በኩል ብቻውን ወደ መድረኩ ወጣ፣ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ዘፈን መምታት ጀመረ።

ሰው ጮኸ። ከጀርባ ኃይለማርያም ቡጢ ሰነዘረ፣ አሳምነው በከዘራው ትከሻውን አለው። ድራሙ ግን አልቆመም፤ የጊታሩ መግቢያ እየደረሰ ነው። ኃይለማርያም ኮሌታውን ለቀቀ፣ ጊታሩን ነጥቆ ሮጠ። አሳምነው አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ እያነከሰ ተከተለው።