በሁዳዴ የተዋጠው ክኒን

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ማንበብ የተማርኩት በማዳበሪያ ጆንያና በፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን እያየሁ፣ ያለፈ ያገደመውን እየጠየቅሁ ነው። ስለዚህ ቤቴ ወረቀት ሲመጣ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ትርጉሙንም የምሰጠው እኔ። አንዴ የተናገርኩትን ደግሞ አልመልስም ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር በጀመሩበት ዘመን፣ አሥረኛ ክፍል የነበረች ልጄን ጨጓራ አሠቃያት። ማሾ ስንለቅም ሆዷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ለሥራ ሲሆን ያምሻል እያልኩ እቆጣት ነበር። አንድ ቀን ማሳው ዳር አጎንብሳ ስታስመልስ አየኋት። ከዚያ ወዲያ አልተቆጣሁም።

በዚያው ሰሞን ሸዋ ሮቢት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚዎች የጨጓራ ሕመምተኛ ይመዘግባሉ ተባለና ይዣት ሄድኩ። የተቀበለችን ከጎጃም የመጣች ወጣት ነርስ ነበረች። ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በሰገራ ምርመራ እንደሚታወቅ፣ የተገኘበት ሰው ገሚሱ የአሥር ቀን፣ ገሚሱ የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የትኛው እንደሚሻል የሚለየው በኋላ በሚደረገው ምርመራ እንደሆነ አስረዳችን። ልጄ ተገኘባት፤ የአሥር ቀኑ ደረሳት። ወረቀቱ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር» ይላል።

ጊዜው ሁዳዴ ነው። በቤቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀመስም። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ፣ ልዋጠው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ ትውጫለሽ» አልኳት። «ቁጥሩ ያው ነው።»

እንደ ልጄ ተመዝግበው መድኃኒት ለተሰጣቸው፣ ወረቀታቸውንም ላነበብኩላቸው ለሁለት ጎረቤቶቼ እንዲሁ ነገርኳቸው። ልጄ አሥሩን ቀን ወደ ላይ እያላትም ዋጠችው።

ከፋሲካ በኋላ ተመለስን። ነርሷ ባዶ ማሸጊያዎቹን ቆጠረች፤ አንድም አልጎደለም። ባክቴሪያው ግን አለ። የአሥር ቀኑ ሳይሠራላት ቀረ ማለት ነው አለችና፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ወስዳ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ልጄ እኔን አየችኝ። «አዎ» አለች።

ይህችን ልጅ በሕፃንነቷ ስለ አንድ የተሰበረ ብርጭቆ ዋሽታ ገርፌያታለሁ። አሁን የዋሸችው ለእኔ ክብር ነው። ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እሱን አትጻፊው» አልኳት ነርሷን። «አንድ ላይ ነው የዋጠችው። ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»

እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይሄን ባይነግሩኝ መድኃኒቱ አይሠራም ብዬ ልጽፍ ነበር» አለችኝ። «ስለ ጾሙ ሳንጠይቅ መድኃኒቱን የሰጠነውም እኛ ነን።»

ስለ ጎረቤቶቼም ነገርኳት። በቅጹ ጠርዝ ላይ በእጇ ጥያቄ ጨመረች፦ ይጾማሉ ወይ? የሚውጡት በስንት ሰዓት ነው?

ያን ዕለት ከሰዓት የሁለቱን ጎረቤቶቼን ደጅ አንኳኩቼ፣ የነገርኳቸው ስህተት እንደነበር ተናገርኩ። አንደኛዋ ሳቀች። «አንቱም ይሳሳታሉ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም፤ መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉኝ። አልጠየቅኋቸውም። ማንበብ ስለቻልኩ መጠየቅ ትቼ ነበር።

ሌላ ዓይነት የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት እስኪታዘዝላት የሰኔ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ጠዋት ቂጣና ውኃ እኔው አቀረብኩላት። ክኒኑን ይዛ ጥቂት አመነታች።

«አባባ፣ እርስዎ እየጾሙ?»

«ብዪ» አልኳት፤ እስክትጨርስ ድረስም አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሥራ አራቱንም ጠዋት እንዲሁ አደረግን። በክረምቱ መጨረሻ ስትመረመር ነፃ ናት ተባለ፤ ውጤቱን ያነበበችልኝም ልጄ ራሷ ናት።