የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ዐርባ አንድ

ራውዳ ምስሩን ጥዳ ላፕቶፗን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። ማርች ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ራሷ ለምታዘጋጀው ዐውደ ጥናት የተላኩ ጽሑፎችን ታነባለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ የራሷን ስም አየች። ይኼ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ብዙ ሰው ይጠቅሳታል። ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ዐረፍተ ነገር ግን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ የራሷን የድሮ ጽሑፍ ከመደርደሪያው አወረደችና የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ዐርባ አንድን ፈለገች። ምስሩ ማረር ሲጀምር እንኳ አልሸተታትም።

ራውዳ የምታስተምረው የውድድር ሕግ ነው፤ ነጋዴዎች በስውር ተስማምተው ዋጋ እንዳይሰቅሉ፣ ትልቁ ኩባንያ ትንሹን ከገበያ እንዳያስወጣ የሚከለክለው ሕግ። አዲስ አበባ ሳለች በዚሁ ጉዳይ መርማሪ ነበረች። ቶሮንቶ ከመጣች በኋላ አራት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ሆና እየሠራች ተማረች፤ ዶክትሬቷንም በአውሮፓ የውድድር ሕግ ላይ ጻፈች። ከተማው ውስጥ ስለዚህ ሕግ የሚያወራት ሰው ስታጣ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ቡክ አድርጋ ለዐሥራ ስድስት ሰው ኢሜይል ላከች። ዘጠኙ መጡ። ሳምቡሳውን ራሷ ጠብሳ ነበር የወሰደችው። አሁን በየዓመቱ ሜይ ላይ ከሰባት ስምንት አገር ሰው ይመጣል፤ ዩኒቨርሲቲውም አዳራሽ ይሰጣታል።

ይኼን ሁሉ ያመጣላት አንድ ጽሑፍ ነው። ክርክሩ የቆመው የአውሮፓው ፍርድ ቤት በአንድ መዝገብ እንዲህ ብሏል በሚል ነገር ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን እንደዚያ አላለም። ያንን ያለው ከፍርዱ በፊት ለዳኞቹ አስተያየት የሚያቀርበው የሕግ አማካሪ ነው፤ ዳኞቹም አልተቀበሉትም። ራውዳ ያኔ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ከፍታ ስትሠራ፣ ከአንዱ የገለበጠችውን የሌላው አድርጋ ጽፋዋለች። ይኼን ያገኘችው የሰባተኛው ጽሑፍ ባለቤት፣ ሐሴት ዋለልኝ የምትባል፣ ኦታዋ የምትማር፣ ራውዳ በዓይኗ አይታት የማታውቅ ተማሪ ነበረች።

ራውዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ኮንትራቷ ጁን ላይ ያልቃል፤ ይታደስ አይታደስ የሚሉት ሰዎች ገና አልወሰኑም። ጽሑፎቹን የሚመርጡት እሷና ሁለት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ተከፋፍለው ስለሚያነቡ የሐሴትን ጽሑፍ ከእሷ በቀር ያየው የለም። ብዙ አላሰበችም። «ከዘንድሮው ርዕስ ጋር አይሄድም» ብላ ጻፈችና ውድቅ አደረገችው።

ባሏ ጀላል አውቶቡስ ነጂ ነው። ከሥራ ሲገባ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል።

«ፊትሽ ምን ሆነ?» አላት መስኮቱን እየከፈተ።

«ራሴን አሞኛል።»

ፍርሃቱ የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ረቡዕ ክፍል ውስጥ ስታስተምር አንዲት ተማሪ እጇን ባወጣች ቁጥር ንግግሯን ታቋርጣለች። ስልኳ ድምፅ ሲያሰማ ትደነግጣለች። ልጅቷ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ብታወጣውና «ቶሮንቶ ልኬ ውድቅ ሆነብኝ» ብትል፣ ማን እንዳነበበው ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሐሙስ ቀትር ላይ ዙህር ስትሰግድ ስንት ረከዓ እንደሰገደች ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። ሰላት ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ጀላልን ጠርታ ሁሉንም ነገረችው።

ጀላል ስለ ሕጉ የሚያውቀው ትንሽ ነው። አዳምጦ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ልጅቷ ሰምታለች?»

«አልሰማችም። ደብዳቤው ነገ ነው የሚላከው።»

«እንግዲያው ዛሬ አለሽ።»

ለኤፊ ስልክ ለመደወል ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ኤፊ ጽሑፎቹን አብረዋት ከሚመርጡት ከሁለቱ ባልደረቦቿ አንዷ፣ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ በሚባል ሰፈር ያደገች ግሪካዊት ናት። ራውዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«ጽሑፉን ላኪልኝ» አለች ኤፊ፣ ስልኩንም ዘጋችው።

ራውዳ ዐርባ ደቂቃ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሰዎች የገዙትን ዕቃ ያወርዳሉ። ኤፊ መልሳ ስትደውል ድምፅዋ ለስለስ ብሎ ነበር።

«ልክ ናት። እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚሻለው ይኼ ነው። ራውዳ፣ እኔም ያንቺን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጠቅሻለሁ። ፍርዱን ግን ከፍቼ አላየሁም።»

«ምን ላድርግ?»

«ልጅቷን እንቀበላታለን። ማክሰኞ ያደረግሽውን ግን አንቺው ትናገሪያለሽ። እኔ አልናገርልሽም።»

ሜይ እስኪደርስ ራውዳ አምስት ኪሎ ቀነሰች።

በዐውደ ጥናቱ ዕለት ጠዋት ሐሴትን አዳራሹ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ቀጭን፣ ወደ ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ ጽሑፏን በእጇ ይዛለች።

«ዶክተር፣ እርስዎን ለማስቀየም ብዬ አይደለም» አለች። «ሁለቴ ጽሑፌን መልሼ ልወስደው ነበር። ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለቻት ራውዳ። «ነይ፣ እንግባ።»

ወደ ዐርባ ሰው ተቀምጧል። ራውዳ ስብሰባውን ስትከፍት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ያገኘችው ስሕተት የራሷ የራውዳ መሆኑን ተናገረች። ቀጥላ፣ ጽሑፉ ሲደርሳት ፈርታ ውድቅ አድርጋው እንደነበር፣ ያስመለሰችውም ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑን ተናገረች። ይኼን የማታውቀው ሐሴት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ ሃያ ደቂቃ፣ በመጀመሪያ እየተንተባተበች፣ ኋላ ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረች።

በጥያቄ ሰዓት ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸው ለራውዳ ነበር።

«ያ ከወጣ ከጽሑፍሽ ምን ይቀራል?»

«አላውቅም» አለች። «ግማሹ ይቀር ይሆናል።»

ለምሳ ሲወጡ ሐሴት ሌላ ጠረጴዛ ሄዳ ተቀመጠች። ራውዳም አልተከተለቻትም።

ኮንትራቷ ታደሰ፤ ለሦስት ዓመት ሲሰጣት የነበረው ግን ዘንድሮ ለአንድ ዓመት ሆነ። ምክንያቱን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጽሑፎችን መምረጡን ለኤፊና ለሌላዋ ባልደረባ ተወች። ጽሑፉን ላሳተመው መጽሔት ማረሚያ ላከች። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። ሌሎች አምስት ጽሑፎች አሏት፤ የግርጌ ማስታወሻዎቻቸው በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ልትፈትሻቸው ስትቀመጥ ፊደሉ ይደበዝዝባታል። ጁላይ ውስጥ ለሐሴት ደወለች።

«የቀሩትን ብታዪልኝ ብዬ ነው» አለቻት። «የድካምሽን እከፍላለሁ።»

«አልተቀየምኩም ማለት አልችልም፣ ዶክተር» አለች ሐሴት።

«አትበዪ።»

«ሌላ ባገኝስ?»

«ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ» አለች ሐሴት። «ይላኩልኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ጽሑፍ የስሕተት ዝርዝር በኢሜይል ደረሰ። ራውዳ ብቻዋን መክፈት አልቻለችም፤ ጀላል ከሥራ እስኪመለስ ጠበቀችና አጠገቧ አስቀመጠችው። ሁለት የገጽ ቁጥርና አንድ ቀን ተሳስቷል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ጀላል ሊነሣ ሲል እጁን ያዘችው። አራት ጽሑፎች ይቀራሉ።