የደረቴን ባትሪ ስቆጥብ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን በአፌ ልናገር ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት። መጋቢያችን «አሥር ደቂቃ አለህ» ብለውኛል። ነጋዴ በመጀመሪያው ዋጋ እንደማይስማማ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን እሞክራለሁ። ስሙ ይባረክ!

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አቃቂ በሰቃ የመኪና ባትሪ እሸጣለሁ። ከእኔ የገዛችሁም እዚህ አላችሁ፤ ፊታችሁ እየታየኝ ነው። ታገሡኝ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን መንገድ አስተማረኝ። መንገድ ያስተማረኝ ዋናው ነገር ማንንም አለማመን ነው። አሮጌ ባትሪ አጥቤ፣ ጫፉን በብረት ብሩሽ አሳምሬ፣ አዲስ ወረቀት ለጥፌ «ትናንት ከኮንቴይነር የወረደ ነው» ብዬ እሸጥ ነበር። ሰውየው ከሦስት ወር በኋላ እየተናደደ ሲመለስ «ባትሪው ምንም አልሆነም፤ ዲናሞህን አስፈትሽ» እለዋለሁ። በእኔ ምክንያት የስንቱ ጤነኛ ዲናሞ ተፈቶ እንደተገጠመ ጌታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ባለቤቴ አስቴር ያኔም አማኝ ነበረች። እሑድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ስትወጣ «ለእኔም ጸልዪ፣ ገበያው ቀዝቅዟል» እላታለሁ። እሷም ዞር ሳትል «አንተ ሰውዬ፣ ገበያህን ተውና ለራስህ እዘን» ትለኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት ጸልያለች። ሃሌሉያ! እንዲህ ያለ ትዕግሥት እኔ ለአንድ ደንበኛ እንኳ የለኝም።

አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ባትሪ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ዓለም ጠፋችብኝ። ስነቃ መሬት ላይ ተዘርግቻለሁ፤ ደንበኛው ከላዬ ቆሞ «አይዞህ፣ ባትሪው አልተሰበረም!» ይለኛል። የአቃቂ ሰው ሲያጽናና እንዲህ ነው።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዶክተሩ ወረቀቱን ገልብጦ እያሳየኝ «የልብዎ ምት ከሚገባው በታች ወርዷል። የልብዎ የኤሌክትሪክ መስመር ተበላሽቷል» አለኝ። እኔ ደግሞ ስቄ «ታዲያ ለዚህ እኔ ራሴ እበቃ ነበር» አልኩት። እሱ አልሳቀም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ፔስሜከር ተገጠመልኝ። ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ዕቃ ናት። ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ከቆዳዬ ሥር ተቀብራለች፤ ከእሷ ቀጭን ሽቦ ልቤ ድረስ ይሄዳል። ልቤ ሲዘገይ ትቀሰቅሰዋለች። በሰው እጅ የሚሠራ አምላክ ስሙ ይባረክ! እኔ ግን ያኔ አላመሰገንኩም። አልጋው ላይ ቀና እንዳልኩ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው።

«ባትሪዋ ስንት ዓመት ትሄዳለች?»

«ስምንትም አሥርም ልትሄድ ትችላለች። እንደ አጠቃቀሙ ነው።»

«ቻርጅስ?»

«ቻርጅ የለውም። ሲያልቅ ዕቃው ይቀየራል። በሦስተኛው ወር ለምርመራ እንዳይቀሩ» ብሎ የቀጠሮ ካርድ ሰጠኝ።

ወገኖቼ፣ ለባትሪ ነጋዴ «እንደ አጠቃቀሙ ነው» አይባልም! እኔ ለደንበኛ ምን እላለሁ? ባትሪህ እንዲቆይ ከፈለግክ ሬዲዮህን አጥፋ፣ መብራትህን አጥፋ፣ አታባክን። ለራሴም ያንኑ አዘዝኩ። መራመድ ቀነስኩ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ በቀን አንዴ ብቻ ወርጄ አንዴ ብቻ እወጣለሁ። ከበር እስከ ታክሲ ድረስ ባጃጅ እይዛለሁ፤ የባጃጁ ሹፌር «አባቴ፣ ያው እዚህ እኮ ነው!» እያለ ይስቅብኛል። የቀረውን ጊዜ እተኛለሁ። አስቴር ወደዚህ ስትጋብዘኝ «የእናንተ ጭብጨባና ዝላይ የስምንት ዓመት ባትሪ በአንድ እሑድ ይጨርሳል» አልኳት።

ምርመራውስ? ይኸው የእኔ ትልቁ ብልጠት። ሱቄ ያለችው መለኪያ ባትሪ ላይ ስትሰካ ሽቦዋ እስኪግል ድረስ ኃይል ትጠጣለች። ደንበኛ «ድገመው፣ አንዴ ልየው» ሲል «በመለካት ጨረስከው እኮ» ብዬ እጄን እሰበስባለሁ። እና አሰብኩ፦ ሐኪሙ በለካኝ ቁጥር ስንት ወር ይቀንስብኛል? ካርዱን ፍራሽ ሥር ከተትኩት። አንድ ዓመት አልሄድኩም። ሁለት ዓመት። ሦስት ዓመት። አስቴር ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ ብለውኛል» እላት ነበር። ያም ውሸት ነው፤ ይቅር ብላኛለች።

ከዚያ ልጄ ሰላም ተዳረች። ሁሉም ለዝማሬ ተነሥቶ እያጨበጨበ እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጫለሁ። ልጄ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ፊቴ በርከክ አለች። «አባዬ፣ አንዴ ብቻ ከእኔ ጋር ቁም።» «ባትሪዬን አልጨርስም» አልኳት። ወገኖቼ፣ ለልጄ በሠርጓ ቀን ይህን አልኳት። ተነሥታ ሄደች። ቀና ብዬ እንኳ ላያት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ደረጃው ከበደኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አበቃ፣ ባትሪዋ እየሞተች ነው አልኩ። እንዲህ የሚሆን መኪና ስንት አይቻለሁ! ሱቅ መሄዱንም ተውኩ።

ያን ጊዜ ጋሽ ተሰማ መጡ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ይኸው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌያችን። ሊጸልዩልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ «በግራ በኩል እንዳይነኩኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እሺ፣ በቀኝ ይሁን» አሉና በቀኝ ትከሻዬ ያዙኝ። ሲጨርሱ እንዲህ አልኳቸው፦

«ጋሼ፣ አምላክዎ ይናገራል ይባላል። ስንት እንደቀረኝ ይጠይቁልኝ።»

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

ዓይኔ ወደ ፍራሹ ሄደ። አስቴር አየችኝ። ነገሩ ወጣ። ፍራሹን አነሣች፤ ካርዱ እዚያው ተጣጥፎ ቁጭ ብሏል።

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጌታ ሐኪም ሰጥቶህ፣ ሐኪሙ ቀን ጽፎ ሰጥቶህ፣ አንተ ደግሞ ራእይ ትለምናለህ? ነገ እንሄዳለን።»

«ቢነግሩኝስ? አልቋል ቢሉኝስ?»

«ያን ጊዜ ሦስት ሆነን እንሰማዋለን።»

ሄድን። አንዲት ወጣት ዶክተር የኮምፒውተር ማውዝ የምትመስል ነገር ደረቴ ላይ አስቀምጣ ስክሪኗን ማንበብ ጀመረች። ፊቷ ተቀየረ። «አባባ፣ ለምን አልመጡም?» አለችኝ። «ሲገጠምልዎ ቁስሉ አዲስ ስለሆነ ኃይሉን ሆን ብለን ከፍ አድርገን ነው የምንጀምረው። በሦስተኛው ወር ነው የምንቀንሰው። ሦስት ዓመት ሙሉ በረጅም መብራት ሲነዱ ኖሩ።»

ወገኖቼ፣ በሙያዬ ገባችብኝ! ስቆጥብ የኖርኩ መስሎኝ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

«መለካቱስ አይበላም?» አልኩ በደከመ ድምፅ።

«ከቁጥር አይገባም።»

«መራመድስ?»

«ይሄ ዕቃ የልብዎን ምት ያዳምጣል። ልብዎ ራሱ ሲመታ እሱ ዝም ይላል፤ ሲዘገይ ብቻ ነው የሚቀሰቅሰው። በመተኛትዎ ያተረፉት ነገር የለም። ትንፋሽዎ ያጠረውም በመተኛትዎ ነው፤ ጉልበትዎ ሰለለ።»

«ስንት ቀረኝ?»

«አሁን ባለው አካሄድ ወደ ሁለት ዓመት ይላል። ቆይ፣ ላስተካክለው። ልብዎ በትንሹ በስንት ኃይል እንደሚነሣ ማወቅ አለብኝ፤ ቀስ እያልኩ እቀንሳለሁ። ለአፍታ ባዶ ባዶ ሊልዎት ይችላል፤ አይደንግጡ።»

ቀነሰች። ቀነሰች። ከዚያ ወገኖቼ፣ ደረቴ ውስጥ ጸጥ አለ። ሰከንድ ይሁን ሁለት አላውቅም። ክፍሉ ራቀኝ። እዚያ ጸጥታ ውስጥ የምቆጥበው ነገር አልነበረኝም። የማታልለው ሰው አልነበረም። «ዲናሞህን አስፈትሽ» የምለው ማንም የለም። እጄ ባዶ ነበር። «ኢየሱስ ሆይ፣ ያንተ ነኝ» አልኩ፤ በአፌ ይሁን በውስጤ አላውቅም። ጸሎቴ ሁሉ ይኸው ነው፤ ረጅም ጸሎት ለማድረግ ጊዜም አልነበረም። ድም! ልቤ ተነሣ። ክብር ለስሙ ይሁን! ክብር! ከዕቃው በፊት፣ ከሐኪሟ በፊት ያቆመኝ እሱ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አለቀስኩ። ዶክተሯ «አመመዎት?» ስትል አስቴር «ተዪው እባክሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነው» አለቻት።

ኃይሉን በልኩ አድርጋ እንደገና አነበበች። «አሁን ወደ አምስት ዓመት ይላል።»

አምስት! ሃሌሉያ! እንባዬን እየጠረግኩ «ዶክተር፣ ስድስት በይውና እንጨርስ» አልኳት። ዳንኩ እንጂ ነጋዴነቴ አልለቀቀኝም። እሷ ስቃ «በየስድስት ወሩ ከመጡልኝ እንደራደራለን» አለች። ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ቆመው ጌታን በጮኸ ድምፅ ሲባርኩ ነርሷ ዝም በሉ አለቻቸው፤ ዝም አላሉም።

በሚቀጥለው እሑድ እዚሁ ቆሜ ጌታን ተቀበልኩ። ሰኞ ሱቄ ሄጄ አሮጌዎቹን ባትሪዎች ለይቼ «ያገለገለ» ብዬ በቀለም ጻፍኩባቸው። አንድ የታክሲ ሹፌር አይቶ «አመመህ እንዴ?» አለኝ። «ድኜ ነው» አልኩት። ከእኔ ገዝታችሁ የተበሳጫችሁ፣ ከጉባኤው በኋላ እንገናኝ፤ አልሸሽም። ልጄ ሰላም ጋም ሄጃለሁ። ሳሎኗ መሃል እጇን ይዤ ቆምኩ። ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ፤ ዘመርንም።

ይኸው ዛሬ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወርጄ ነው የመጣሁት። ዕቃዋ አንድ ቀን ታልቃለች፤ የዚያን ጊዜ ትቀየራለች፤ ባትቀየርም የያዘኝ እጅ አይለቀኝም። እናንተስ? ስኳር የጨመረበት፣ ግፊት ያለበት፣ ምርመራ ፈርቶ ካርዱን የደበቀ እዚህ መካከላችን የለም? ጌታን እመኑት። እሱን ያመነ ሰው የሐኪሙን ወረቀት ገልጦ ለማየት አይፈራም። የእኔ ቀጠሮ ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ እቆማለሁ። ብቻውን መሄድ የከበደው ይምጣ። እኔና አስቴር አንድ ወንበር ይዘንለት እንጠብቀዋለን።