ወደ ካርቱም የተሸከምኩት መርዶ

ካርቱም ገና ሰላም በነበረችበት ዓመት ነው። ከከሚሴ ማዶ ካለው መንደራችን የተነሳሁት የሴቶች ቅሬያችን፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ መርዶ አስይዞ ልኮኝ ነው። ቅሬውን ያቋቋመችው እመት ሩቂያ ናት። ከዚያ በፊት ወንዶቹ ቀብረው ሲበተኑ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ትቀር ነበር። እሷ ሴቶቹን አስተባብራ፣ ውሃውንም እንጀራውንም ተካፍለው፣ ሦስት ቀን አብረዋት እንዲቀመጡ አደረገች። አሁን ራሷ ሩቂያ ሞተች፤ ካርቱም ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ዘይነባ ግን አልሰማችም።

“በስልክ ብንነግራትስ?” ብል ሴቶቹ ገላመጡኝ።

“ስልኩ ያቅፋታል?” አሉኝ። መተማ ስለነገድኩና መንገዱን ስለማውቅ እኔው ተላክሁ።

ከመተማ ወዲያ

ድንበሩን ከተሻገርን በኋላ አገሩ ሜዳ ብቻ ነው፤ ማሽላ፣ አቧራ፣ ደግሞ ማሽላ። አውቶቡሱ እንደ ምጣድ ግሏል። አጠገቤ የተቀመጡት ሱዳናዊት እናት ቴምር አካፈሉኝና “ዘመድ ጥየቃ ነው?” አሉኝ። አዎ ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መዳኒ ከተማ ላይ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል ቀረበልኝ፤ ለእናትየዋ አሳለፍኩላቸው።

ባሕሪ

የመንደራችን ልጆች እዚህም ቅሬ አላቸው። ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ዕረፍታቸው ዓርብ ስለሆነ በየዓርቡ ይሰበሰቡባታል። መሪያቸው ሐዋ ተቀበለችኝ።

“መርዶ ጎህ ሲቀድ አይደል የሚነገር?” አልኳት።

“ጎህ ሲቀድማ ዘይነባ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር መዳሟ ቤት ናት፤ ከጁማ በቀር አትለቃትም። ያላ፣ መጀመሪያ ትብላ፤ ከዚያ ኢንሻአላህ እንነግራታለን።”

ዘይነባ እየሳቀች ገባች። አገላብጣ ሳመችኝ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍየሎቹ ሳይቀር ጠየቀችኝ፤ ስለ እናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ግራ ገባኝ። ረስታት ነው? ወይስ አንዱ ቀድሞኝ ነግሯታል? ሐዋን ባያት እሷም መሬት መሬቱን ታያለች። ዘይነባ ደህና አድርጋ በላች።

ከዚያ እጇን ታጠበች፤ ፍራሹን ትታ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

“በሉ፣ ንገሩኝ” አለች።

ክው አልኩ። “ማን ነገረሽ?”

“ማንም። በደወልኩ ቁጥር ወፍጮ ቤት ሄዳለች ትሉኛላችሁ። እናቴ አልጋ ከያዘች ስንት ጊዜዋ?”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ሰው ቤት ለማን ላልቅስ? ስጠብቃችሁ ነበር።”

የምታውቀውን ነገር መንገር ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቢሆንም አልኩት፤ “እናትሽ ሞተዋል።” ይሄኔ ጮኸች፤ ሁላችንም ተከትለናት ጮኽን። ሦስቱን ቀን ዐማራት ሰፈር የሚሠሩት እየተፈራረቁ አብረዋት ተቀመጡ። አንዷ በእሷ ፈንታ ሪያድ ሄዳ የመዳሟን ቤት ጠረገች።

መንደር

መርዶ ማለት ላልሰማ ሰው የሚነገር ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም፤ ግን ያን ሁሉ ጊዜ እንባዋን ውጣ የሰው ቤት እንዴት እንደጠረገች ዛሬም አይገባኝም።

ስመለስ ሴቶቹ ደጅ ላይ ከበቡኝ።

“እንዴት አድርጋችሁ ነገራችኋት?”

“አቀፍናት” አልኳቸው።