ጌታው የተረሳ ቃል

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቦንጋ ላይ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ አጎቴ ጋሽ ኃይሌ ተረት ያወሩልን ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ጫካ ገብተው ቀፎ ይሰቅላሉ። ያኔ ኩራዙ ጥቁር ጭሱን ወደ ጣሪያው ሲለቅ፣ ፍሙም አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ እኔና እህቴ አልማዝ ጉልበታቸው ሥር እንኮለኮላለን፤ ጋቢያቸው ሰም ሰም ይሸት ነበር።

ሰፈራችን ባለው ትራንስፎርመር ላይ የራስ ቅል ተስሎ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ዴንጀር» ተጽፎ ነበር። አንድ ምሽት አልማዝ ስለ እሱ ጠየቀች።

«ሞት ማለት ነው አይደል ጋሼ? ይሄ ፈሪ ወንድሜ እኮ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል።»

«የራስ ቅሉን ተዪው» አሉ እየሳቁ። «ቃሉ ሲወለድ ጌታ ነበር።»

ከዚያ እንደ ተረት አወሩልን። ቃሉ ሮማውያን ጌታን ከሚጠሩበት ስም ተወልዶ፣ ፈረንሳዮች ዘንድ አድጎ፣ ወደ እንግሊዞች ተሻገረ። ያን ጊዜ ትርጉሙ አደጋ ሳይሆን ሥልጣን ነበር። ባላባቱ ሊቀጣውም ሊምረውም የሚችለው ሰው «በእሱ ዴንጀር ሥር ነው» ይባላል፤ በእጁ ነው እንደማለት። ዘመን ሲያልፍ ሰው ጌታውን ረሳና ፍርሃቱ ብቻ ቀረ።

«እኛስ በማን እጅ ነን?» አልኩ።

«ለጊዜው በእናታችሁ። እራቱን የያዘችው እሷ ናት።»

አልማዝ ሳቀች። እሳቸው ግን ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ጨመሩ፦ «እኔ ማር ልቆርጥ ዛፍ ስወጣ፣ ገመዱን ከታች በሚይዝልኝ ሰው እጅ ነኝ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሊለቀው ስለሚችል ነው።»

ያኔ ተረቱን የወደድኩት ጌታ መሆን ስለተመኘሁ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ከቦንጋ ርቄ በምሠራበት ደካ፣ ገና መዳህ የጀመረች ልጃችንን የሳንባ ምች ያዛት። የጤና ባለሙያው «እዚሁ መድኃኒት እየሰጠናት ልንጠብቅ እንችላለን፤ ቦንጋ ሆስፒታል ብትወስዳትም ጥሩ ነው። መንገዱን ግን አንተ ታውቀዋለህ» አለኝ። ባለቤቴ ልጅቷን እንዳቀፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«እንሂድ» አልኩ።

መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ስንገፋ ዋልን። ልጄ እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ» ይለኝ ነበር። ሸክሙን ሊያቀሉልኝ እንደሆነ ይገባኛል። «እንሂድ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ብንቆይ ትድን ነበር? ማንም አያውቅም። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። አባትነት እንዲህ ያለ ሥልጣን መሆኑን ጋሽ ኃይሌ ያን ምሽት ነግረውኛል፤ እኔ ግን የሰማሁት ተረት ብቻ ነበር።

ታላቅየው ልጄ ናቲ አሁንም አልጋው ላይ ይቆምና «አባ፣ ያዘኝ!» ይላል፤ ቃሉን ሳይጨርስ አየር ላይ ነው። እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። መሬት ሳወርደው «ደግሞ!» ይለኛል። እኔም አልጋው ሥር ትራሶቹን እየደረደርኩ «ቆይ፣ ልጄ፣ ቆይ» እለዋለሁ።